ልጅቷን አስተምራለሁ፣ ይቅርታውን ግን አልሰጥም

ዛሬ ፍኖተ ሰላም፣ ልጆች ከማስጠናበት ቤት በር ላይ አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ቆሙ። በስድሳዎቹ ቡሬ ላይ አምስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው! (አርጩሜያቸው በምርኩዝ ተተክቷል።)

«ታነባለች፣ ግን አይገባትም» አሉኝ። አላወቁኝም።

እኔ መቼም አልረሳቸውም። የምንባቡ ትርጉም ከብዶኝ ቃሉን እንዳለ ብደግም፣ «በቀቀን!» ብለው ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙረው አቆሙኝ። ስሜ በዚያው በቀቀን ሆኖ ቀረ።

ልጅቷን አንድ አንቀጽ አስነብቤ፣ «እስቲ በራስሽ ቃል ንገሪኝ» አልኳት። ተንተባተበች፤ መልሳ አነበበችው፤ ነገረችኝ።

«እንዲህ ነበር የሚጠየቀው ጋሼ። በቀቀኗ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

አቀረቀሩ። «ይቅር በይኝ ልጄ።»

«ልጅቷን ነገም ያምጧት። ይቅርታ ግን ከእኔ አይጠብቁ።»

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

እናንተስ፣ ያስለቀሳችሁን አስተማሪ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ምን አላችሁት?