በሐመሩ ሐ

ልጅ እያለሁ እኛ ቤት በፊደል አይቀለድም ነበር። አባባ ቄስ ትምህርት ቤት ያደጉ የጎጃም ሰው፣ ሐዋሳ ውስጥ የአማርኛ መምህር ነበሩ። «ሐይቅ» በሐመሩ ሐ፣ የወንድሜ የጸጋዬ ስም ደግሞ በጸሎቱ ጸ ነው። ድምፃቸው አንድ ነው ብሎ ነገር እሳቸው ዘንድ አይሠራም፤ በሌላኛው የጻፈ ጣቱ ላይ ማስመሪያ ያርፍበታል። ሐይቁ ደግሞ ከቤታችን ጓሮ ስለነበር ያቺ ቃል ከደብተራችን ጠፍታ አታውቅም።

ጸጋዬ ማትሪክ አልመጣለትም። እዚያው ሐዋሳ፣ ፒያሳ፣ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ውስጥ የሰው ማመልከቻ እየተየበ፣ ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ፎቶ ኮፒ ከተደረገ መጽሐፍ ለብቻው ተማረ። ከትምህርት ቤት ስወጣ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ያ ክፍል የጋለ አቧራና የማተሚያ ቀለም ይሸት ነበር፤ አሁንም ፎቶ ኮፒ ቤት በገባሁ ቁጥር እሱ ትዝ ይለኛል። የሚሠራው ፕሮግራም ከገጽ ወደ ገጽ እየዞረ ቃል ይለቅማል፤ የትኛው ቃል የት እንዳለ ይይዛል፤ ሰው ቃሉን ሲጽፍለት ገጹን ያመጣል። «አንዱ መረብ ይጥላል፣ ሌላው ዓሣውን በየዓይነቱ ይለያል» ብሎ አስረዳኝ። አንዳንዴ እንድጽፍ ይፈቅድልኝና ስሳሳት ይስቅብኛል።

«መጨረሻ ላይ ድርብ ሰረዟን ረሳሽ። ጃቫም እንደ አባባ ነው፣ አይምርም።»

ኢንተርኔቱ ገና ሳይከፈት ስለሚቋረጥ፣ መሞከሪያ የሚሆኑትን ገጾች ራሱ ስለ ከተማችን ጻፋቸው። ሐይቁን ሁሉ በሐመሩ ሐ።

የሚሌኒየሙ ሰሞን የወጣቶች የፈጠራ ሥራ የሚታይበት ዝግጅት ተደረገ። ጥሩ የሠራ ቢሮ ይቀጠራል ተባለ። ማትሪክ ላልመጣለት ልጅ ከዚያ ሌላ በር አልነበረም። አባባ ኮታቸውን አስተኩሰው መጡና ከኋላው ቆሙ። ሰው አስከትሎ የሚዞር አንድ ባለሥልጣን እኛ ጋ ደረሰ፤ በአንድ ጣቱ እየለቀመ «ሀይቅ» ብሎ ጻፈ። በሃሌታው ሀ።

«አልተገኘም» አለ ኮምፒውተሩ።

«እንዴ፣ ሀዋሳ ሀይቅ የላትም እንዴ?» አለ ሰውየው፤ አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

«ክቡር፣ በሌላኛው ሐ ይሞክሩት» አለ ጸጋዬ። ሰውየው ግን ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አልፎ ነበር። ልጁ ትክክል ነው፣ የተሳሳቱት እርስዎ ነዎት ሊል የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ እሱም አባባ ነበሩ። ትንፍሽ አላሉም። ለሀ ስንት ጊዜ ጣቴን የመቱት ሰውዬ ኮታቸውን እየቆለፉ መሬት መሬት አዩ። እማማ በኋላ «አባትሽ ግምገማ ላይ እንዳያነሱበት ብሎ ነው» አለችኝ። ገብቶኛል። ይቅር ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጸጋዬ በማግስቱ አስተካከለው። ሀውን ሁሉ ወደ አንድ፣ ጸንና ፀን ወደ አንድ የሚመልሱ ጥቂት መስመሮች ነበሩ። ይዞ ወደ ባለሥልጣኑ ቢሮ ተመላለሰ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይሉታል። ኋላ ኋላ ዘበኛው ገና ከሩቅ ሲያየው ራሱን ይነቀንቅ ጀመር። ተስፋ ሲቆርጥ በሞያሌ በኩል ከጓደኞቹ ጋር ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ጀመረ፤ ከናይሮቢ አንዴ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም።

ዛሬ ስልኬ ላይ በፈለግሁት ሀ ብጽፍ ሐይቁ ይመጣል። ሰው ተአምር ይለዋል፤ እኔን ያንገበግበኛል።

አባባ ጡረታ ወጥተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አጠገቤ ይቀመጡና ስልኬ ላይ የወንድሜን ስም ያስጽፉኛል። ብዙ ጸጋዬ ይመጣል፤ የኛ ግን የለበትም። ባለፈው እሁድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እስኪ በፀሐዩ ፀ ሞክሪው» አሉኝ።

ለስልኩ ሁለቱም አንድ እንደሆኑ ልነግራቸው አልቻልኩም። በፀሐዩ ፀ ጻፍኩት።