አንድ ስንዝር ወደ ኋላ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን የውሃ በርሜሎች ሊጭንበት ተሳቢውን ሊዋሰኝ መጣ። ተሳቢው ከግቢያችን ጥግ፣ ከሸራ ሥር፣ ለዓመታት ተኝቷል። ሸራውን ስገልጠው ፀሐይ የጠጣ ጎማ ሽታ ፊቴን መታኝና ለአፍታ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ጎረቤታችን ጎንበስ ብሎ ብረቱን መረመረ። "እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው ሁለት ቦታ የተበየደው?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ የጎማዎቹ አክስል በሚታሰርበት ብረት ላይ ሁለት የብየዳ ጠባሳ አለ፤ በመካከላቸው አንድ ስንዝር። "ተሳስቼ ነበር" አልኩት። ይህችን ቃል በቀላሉ ለመናገር ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ እሱ አያውቅም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

የኤርትራ ነፃነት በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ብየዳ ተምሬ ተመርቄያለሁ፤ በአስመራ ከእኔ የተሻለ በያጅ የለም ብዬ አምናለሁ። ብዙም አልተሳሳትኩም። ሴት ልጅ ሱሪ ለብሳ የብየዳ መነጽር ብታጠልቅ ዞር ብሎ የሚያያት አልነበረም፤ ከሜዳ የገቡት ታጋይ ልጃገረዶች የከባድ መኪና ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ከተማው አይቶ ለምዷል። በዚያ ሰሞን ሁላችንም የማንችለው ነገር ያለ አይመስለንም ነበር።

አባቴ የወሎ ሰው ነው። በወጣትነቱ ምፅዋ ወርዶ ወደብ ላይ የሞተር መካኒክ ሆነ፤ የአስመራ ልጅ የሆነችውን እናቴን አገባና እዚያው ቀረ። አንድ የተሰነጠቀ የሞተር ጀልባ ገዝቶ በእጁ አዳነው። ጦርነቱ ሲቃረብ እኛንም ጀልባውንም ይዞ አስመራ ወጣ። ያኔ የወደቡ ክሬን ጀልባውን አንስቶ የአጎቴ የጭነት መኪና ላይ አስቀመጠለት፤ ፓራዲዞ ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ ደግሞ የሰፈሩ ሰው በትከሻው አወረደው። ከዚያ ወዲያ ዶሮዎቻችን እንቁላል የሚጥሉበት ቤት ሆነ። ሰፈሩ "የባሕር ዶሮዎች" እያለ ይቀልድብን ነበር።

የአባቴ ዓይን ግን እየከዳው ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የነገሮችን ቅርጽ ይለያል፤ ቀኑ ዘንበል ካለ ግን ምንም። ሐኪሙ እናቴንና እኔን ለብቻችን ጠርቶ "እስከ ፋሲካ ካየ ጥሩ ነው" አለን። አባቴም ያወቀ ይመስለኛል። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ልጄ፣ ምፅዋን ከውሃው ላይ ሆኜ አንዴ ብቻ ባያት ይበቃኛል" አለኝ። ከተማዋ በመጨረሻው ውጊያ ምን ያህል እንደተጎዳች አልነገርነውም ነበር፤ የሚያውቃትን ምፅዋ ይዞ ይኑር ብለን። "አሳይሃለሁ አባባ" አልኩት። ለእኔ የብረት ጉዳይ ብቻ ነበር።

የወደቡ ክሬን አሁን ስለሌለ ጀልባው ራሱ ወደ ባሕሩ የሚንከባለልበት ተሳቢ፣ አስመራዎች ሪሞርኪዮ የምንለው፣ ያስፈልገናል። ከአሮጌ መኪና አክስልና ባሌስትራ ፈታሁ። የውሃ ቧንቧ ቆርጬ፣ በጎማ ጠቅልዬ መንከባለያ ሠራሁ። ጎኑን የሚደግፉትን ጣውላዎች በእናቴ አሮጌ ብርድ ልብስ አለበስኳቸው። አባቴ ሞተሩን ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ነክሮ ሲያስነሳው ግቢው በቤንዚን ጭስ ተሞላ፤ ዶሮዎቹ ግድግዳ ዘለው ጎረቤት ገቡ። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ብየዳዬን በጣቱ ዳሰሰና "ይህ ስፌት ነው እንጂ ብየዳ አይደለም" አለኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ያኮራኝ ቃል የለም። መዘዙም የመጣው ከዚያ ነው።

ጀልባውን ጭነን ተሳቢውን ከአጎቴ ፒክአፕ ጋር ስናያይዘው ከመኪናው የሚያያዘው የተሳቢው አፍ ወደ ላይ ተነሳ፤ ሞተሩ ከኋላ ተንጠልጥሎ ይጎትተዋል። መንገድ ላይ ስንሞክረው ጅራቱን እንደ ውሻ ይቆላ ጀመር። አባቴ ድምፁን ሰምቶ "አክስሉን ቁረጪና አንድ ስንዝር ወደ ኋላ መልሽው" አለኝ። ያንን ብየዳ ልቆርጥ? ስፌት ያልከውን?

የእናቴ ወንድም፣ ሠላሳ ዓመት ጭነት የነዳው አጎቴ፣ መውጫ ሰጠኝ። "ጓለይ፣ እንታይ ኣለዎ? ምን አለበት ልጄ? ከባዱ ሸክም ወደ ሳቢው ይጠጋል፣ አለቀ። ጀልባውን አዙሪው" አለኝ። አዞርነው። ሞተሩ ወደ መኪናው፣ ሹሉ ፊት ወደ ኋላ ሆነ። ተሳቢው እንደ ጠረጴዛ ተደላደለ።

በማግሥቱ ንጋት ላይ አባቴ ጀልባውን እየዳበሰ ዞረና እጁ ሞተሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። "ልጄ፣ ባሕር መጀመሪያ የሚገባው ይኼኛው ጫፍ ነበር" አለኝ ቀስ ብሎ።

"አባባ ደግሞ፣ ለባሕር ምን ለውጥ አለው?" ብዬ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀና መኪናው ውስጥ ገባ።

ቤት ጊዮርጊስ ላይ መንገዱ ቁልቁል ሲጀምር ደመናው ከእግራችን በታች ነበር። አባቴ መስኮቱን አውርዶ አፍንጫውን አወጣ። ጊንዳዕ ስንደርስ ብርቱካን ገዛን፤ ልጣጩ መኪናውን በሽታው ሞላው። በየኩርባው ወደ ኋላ ዞሬ አያለሁ፤ ተሳቢዬ ንቅንቅ አይልም። አምስት ሰዓት ላይ ዋናው መሬት በኩል ያለው ጠረፍ ደረስን። ከዚያ ሆነው ሲያዩት ከተማዋ በሙቀቱ ውስጥ የምትንቀጠቀጥ ነጭ መስመር ብቻ ናት። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች፤ ልክ የአባቴ ፀሐይ።

አጎቴ ተሳቢውን እያፈገፈገ ውሃው ውስጥ አስገባው። የጀልባው ፊት ተንሳፈፈ። ኋላው፣ ሞተሩን የተሸከመው ከባዱ ጫፍ፣ መኪናው አጠገብ ደረቅ ላይ ቀረ። ገፋነው፤ ወይ ፍንክች። ያንን ጫፍ ለማንሳፈፍ ፒክአፑ ራሱ ባሕር መግባት ነበረበት። መረብ ሲጠግን የነበረ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ተነስቶ መጣና አየን። "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ይህን ጀልባ የጫነው ደገኛ ነው" አለኝ በትሕትና።

የቀረው ጀልባውን አሸዋ ላይ አውርዶ ማዞር ብቻ ነበር። ክሪክ ያለን አንድ ነው። ሽማግሌው ሁለት ልጆቹን ጠራልንና ከአጎቴና ከእኔ ጋር አራት ሆንን። አንድ ስንዝር እናነሳለን፣ ጣውላ እንሸጉጣለን፣ እንደገና እናነሳለን። አንዴ ጀልባው ከጣውላው ተንሸራቶ አሸዋ ውስጥ ተቀበረና ከመጀመሪያው ጀመርን። አባቴ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ነጩ መስመር አድርጎ፣ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንድም ጊዜ "ብዬሽ ነበር" አላለም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏት የለ፤ እኔ የምለቅመው የእሱን ብርሃን ነበር፣ እሱም ከእጄ እያለቀ ነበር።

ዞሮ ተሳቢው ላይ ተመልሶ፣ በሞተሩ በኩል ገብቶ ጀልባው ሙሉ ለሙሉ ሲንሳፈፍ ፀሐይ ከደጋው ተራሮች ጀርባ ወርዳለች። ሰማዩ ገና ግራጫ ብርሃን አለው፤ ለእኔ ይበቃል፤ ለእሱ ግን ጨለማ እንደሆነ አውቃለሁ። "አባባ፣ አድረን ነገ እንሂድ" አልኩት።

"የአጎትሽ ሥራ አለ፤ ነገ ጭነት ይዞ ይወጣል። ነይ ግቢ" አለና ሞተሩን በአንድ ጉተታ አስነሳው።

መሪውን ራሱ ያዘ። እኔ አጠገቡ ሆኜ "ቀኝ፣ ትንሽ ግራ" እለዋለሁ፤ ብዙም አላስፈለገውም። ጨውና ቤንዚን ይሸታል፤ የጀልባው ሆድ ውሃውን ይመታል። ከከተማዋ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ጣውልድ ፊት ለፊት ስንደርስ ሞተሩን ቀነሰ። የድሮው የንጉሡ ቤተ መንግሥት ከውሃው ዳር ቆሟል። ጉልላቱ ግማሽ ጎኑ በጥይት ፈርሶ፣ ብረቱ እንደ ጎድን አጥንት ወጥቶ፣ በቀዳዳው ሰማይ ይታያል። ማልቀስ ጀምሬያለሁ፤ ድምፄን እንዳይሰማ አፌን በእጅጌዬ ይዣለሁ።

አባቴ ፊቱን በትክክል ወደዚያ አዞረ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ትከሻዬን ፈለገና አገኘው።

"አየሽው ልጄ?" አለኝ። "ደረስን እኮ። ጉልላቱ ዛሬም ምን ያህል ነጭ ነው፤ አንዲት ጭረት እንኳ የለበትም።"

"አዎ አባባ" አልኩት። "ነጭ ነው።"