ያልተቋጠረው ክር

የካፖርት ቁልፍ መትከል ቀላል ነው የሚል ሰው ሞክሮት አያውቅም ማለት ነው። ክሩ በቀዳዳዎቹ ይመላለስና ከቁልፉ ሥር አንገት እስኪያበጅ ይጠመጠማል፤ ከዚያ ከጨርቁ ጀርባ ይቋጠራል። ቋጠሮው ከተዘነጋ ቁልፉ ለጊዜው ደህና መስሎ ይቆይና አንድ ቀን ባለቤቱ እጅ ላይ ይቀራል። ጭምቷ ይህን አሳምራ ታውቃለች። እያወቀች ነበር የምትተወው።

ጭምቷ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ የልብስ መጠገኛ ቤት ትሠራለች። ስሙን ያወጡላት የቤቱ ባለቤት ጋሼ ናቸው፤ በገባች ሰሞን ከ“አዎ” እና ከ“እሺ” በቀር ቃል አልወጣትም ነበርና። ተፈጥሮዋ ግን ዝምታ አይደለም። እናቷ ቤት ሳለች በወሬ ወንድሞቿን ሁሉ ታስንቅ ነበር። አንደበቷ የታሰረው ለሥራ ብላ አንድም ሰው ወደማታውቅበት ከተማ ስትመጣ ነው። የተከራየቻት ክፍል አልጋና አንድ ወንበር አላት፤ ወንበሩ ላይ ልብሷ እንጂ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም። እናቷ ስትደውል “ደህና ነኝ፣ ጓደኞችም አሉኝ” ትላለች። ስልኩን ስትዘጋ ግን ሆዷ ይብሳል።

ነገሩ የጀመረው በስህተት ነው። የአንዲት አሮጊት ግራጫ ካፖርት ላይ ቁልፍ ተክላ መቋጠሩን ዘነጋችው። እማማ ቁልፉን በመሐረብ ጠቅልለው ተመለሱ። አልተቆጡም። እስክትተክልላቸው ድረስ ተቀምጠው ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለማትታዘዛቸው ድመታቸው፣ አዋላጅ ሳሉ ስለተቀበሏቸው መንታዎች አወጓት። በመሃል “አንቺስ ልጄ፣ ምሳ በልተሻል?” አሏት። እዚህ ከተማ ከመጣች ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እጇም ቋጠሮውን አውቆ ዘለለው።

ካፖርቱ ተመላለሰ። ከዚያ የአመል ነገር ሆነና የሌሎቹንም ደንበኞች ክር ትተው ጀመር፤ የጨዋታ አዋቂውን የታክሲ ሾፌር፣ ሳቋ ከበር የሚቀድማትን አስተማሪ። ፊታቸው የማይፈታ ደንበኞች ቁልፍ ግን በጉጠት ቢሳብ አይነቀልም ነበር። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፤ መድኃኒቱን በተንኮል ውሰዱ ግን አልተባለም።

ጋሼ መጀመሪያ የጠረጠሩት ክሩን ነው። “ነጋዴው ጉድ ሠራኝ!” ብለው ለወጡት። አዲሱም ያው ሆነ። አንድ ቀን እሷ የጨረሰችውን ጃኬት አንስተው ገለበጡና ክሩን በጣታቸው ሳብ ሲያደርጉት ቁልፉ ዱብ አለ። ጭምቷ እጅ ከፍንጅ ተያዘች።

“ቋጠሮው የታለ?”

ጭምቷ ጎንበስ ብላ የወደቀውን ቁልፍ አነሳች።

“ስሜን ልታጠፊው ነው እንዴ? ስንት ዘመን የለፋሁበትን!”

“ሰው ተመልሶ እንዲመጣ ብዬ ነው፣ ጋሼ” አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል። “ሲመጡ ያዋሩኛል። ሌላ የሚያዋራኝ የለም።”

ጋሼ ሊጮሁ የከፈቱትን አፍ መልሰው ዘጉት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ምንም አልነበረበትም። “ስሚ” አሉ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣ “እኔን ሰው የሚያምነኝ በዚህች ቋጠሮ ነው። ከእንግዲህ አንዲት ቁልፍ ወልቃ ብትመለስ ሌላ ሥራ ፈልጊ።”

ሥራውን ብታጣ በቅጽል ስም እንኳ የሚጠራት አይኖርም። የእማማ ካፖርት ገና አልተወሰደም ነበርና ቁልፉን ፈትታ እንደገና ተከለችው። ቋጠረች፤ ደግማ ቋጠረች። ሊወስዱ ሲመጡ “ሁለተኛ አያስቸግርዎትም፣ እማማ” አለቻቸው። እሳቸውም ቁልፉን ሳብ ሳብ አድርገው አዩት፤ ፊታቸው ግን አልፈካም። “ተባረኪ” ብለው ሄዱ። ሁለተኛ እንደማታያቸው እርግጠኛ ስለነበረች፣ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ብዙ ሳይቆይ ግራጫው ካፖርት በሩ ላይ ታየ። እማማ መዳፋቸውን ሲዘረጉ ቁልፉ እዚያው አለ። ጭምቷ ክው አለች።

“ቋጥሬዋለሁ! እናቴን ጋሼ፣ ቋጥሬዋለሁ!”

ጋሼ ካፖርቱን ተቀብለው ገለበጡት። ቋጠሮው ከነድርቡ ቦታው ላይ ተቀምጧል። ክሩ የተላቀቀው ከላይ፣ ከቁልፉ አንገት ላይ ነበር። ክር አርጅቶ ሲበጠስ ጫፉ ይሳሳል፤ ይሄኛው ግን እንደወፈረ ነው፣ የመቀስ ንክሻም አለበት። ጋሼ ቀና ብለው እማማን አዩአቸው።

“ክሩ ጠነከረብኝ” አሉ እማማ፣ እንዳጠፋ ልጅ አንገታቸውን ደፍተው። “መቀሴም ዱልዱም ነው፣ ስገዘግዘው ዋልኩ። ምን ላድርግ? ቤት ከዚያች ድመት በቀር የማዋራው የለኝም። ቁልፍ ካልወለቀ በምን ሰበብ ልምጣ?”

ጋሼ ካፖርቱን ለጭምቷ አቀበሏት። “ይሄስ የእኔ ጣጣ አይደለም” ብለው ወደ ስፌት መኪናቸው ተመለሱ፤ ግን አላንቀሳቀሱትም። ጆሯቸው እዚያው ነበር።

ጭምቷ መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት ብዙ ታገለች፤ እንባዋ አላሳይ ብሏት። ቁልፉን ተከለች፣ ቋጠረች፣ ትርፉን በጥርሷ በጠሰች። ካፖርቱን አልብሳቸው አንድ በአንድ ቆለፈችላቸው።

“መቀሱን ይተዉት፣ እማማ” አለች። “እሁድ ሥራ የለኝም። ቤትዎ በየት በኩል ነው?”