የመቀናጆ በሬ

ንጉሴ ከመርሳ ወጣ ብላ ባለች መንደር የሚኖር ገበሬ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የአንድ በሬ ጌታ ነበር። ቡሬ የሚለው በሬው ሲያረጅ ሸጦ ወይፈን ገዛ፤ ወይፈኑንም ቡሬ አለው። ሁለተኛ በሬ አምሮት አያውቅም ማለት አይደለም፤ ለማንም ተናግሮ አያውቅም እንጂ። አንድ በሬ ብቻውን ስለማያርስ፣ ቡሬን ከወንዙ ማዶ ከሚኖረው ከኢዘዲን በሬ ከዳለቻ ጋር ይጠምደዋል፤ አንድ ቀን የንጉሴን፣ አንድ ቀን የኢዘዲንን መሬት ያርሳሉ። አገሩ ይህን መቀናጆ ይለዋል።

አንድ ቀን ከውርጌሳ ገበያ ወሬ መጣ። ከወልድያ የመጡ ጠያቂዎች የየቤቱን ገቢ፣ ከጉልበት የሚገኘውን ለብቻ፣ ከሀብት የሚገኘውን ለብቻ እየመዘገቡ ነው፤ በሬ የተገኘበት ሰው ከሴፍቲኔት ይሰረዛል ተባለ። የንጉሴን ቤት ክረምቱን የሚያሻግረው ደግሞ የሴፍቲኔቱ ስንዴ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ቡሬን እየሳበ ወደ ኢዘዲን ቤት ወረደ። ወንዙ ዳር ሲደርስ ኢዘዲን ዳለቻን ይዞ ከማዶ ሲሻገር አገኘው።

«ወዴት ነው?»

«አንተ ዘንድ» አለ ኢዘዲን። «አንተስ?»

«አንተ ዘንድ።»



«ወላሂ፣ ደግ አደረግን» አለ ኢዘዲን። «ከተለዋወጥንማ ማንም አይዋሽም። ደጄ የቆመው በሬ የእኔ አይደለም ብዬ እምላለሁ።»

በሬዎቹ ግን አልተስማሙም። ቡሬ በቀኝ፣ ዳለቻ በግራ፣ ጎን ለጎን ቆመው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። ንጉሴ ጎተተ፣ ኢዘዲን ገፋ፤ አልተነቃነቁም። ማንም ያልጫነባቸውን ቀንበር ተሸክመው ይጠብቁ ነበር።

በዚህ መሀል ከጠያቂዎቹ አንዷ፣ ሊያ፣ ታብሌቷን አቅፋ በወንዙ መንገድ ብቅ አለች።

«እንደምን አደራችሁ። በሬዎቹ የማን ናቸው?»

«የእሱ» አሉ ሁለቱም፣ እየተጠቋቆሙ።

ሊያ አልሳቀችም። ጥያቄው ለእርዳታ እንዳልሆነ፣ በየአገሩ ሰው ከጉልበቱ ምን ያህል፣ ከሀብቱ ምን ያህል እንደሚያገኝ ለማወዳደር እንደሆነ አስረዳቻቸው።

«የሌላው አገር ሰው እንዴት ይኖራል?» አለ ንጉሴ።

«አንዳንዱ፣ አባባ፣ እሱ ተኝቶ ሀብቱ ይሠራለታል።»

«ተኝቶ? ታዲያ ድርቆሽ ማን ይሰጠዋል?»

«ገንዘብ ነው እኮ። አይበላም።»

«የማይበላ በሬ!» አለ ኢዘዲን። «ንጉሴ፣ እስከ ዛሬ ምን ነክቶን ነው?»

ቡሬ አንገቱን አዙሮ የንጉሴን ክንድ ላሰ። ንጉሴ ወንዙን ሲያይ ቆየ። ስንዴውን አሰበ፤ ክረምቱን አሰበ። ቡሬ ደግሞ ላሰው።

«ቡሬ የእኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «ጻፊው። ግን ዳለቻን ከጎኑ ጻፊልኝ፤ ብቻውን ከተጻፈ ሀብታም ያስመስለኛል።»

ሊያ የታብሌቷን ገጽ በጣቷ ወደ ላይ ወደ ታች አለችው። ከጎን የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም።

ሰኔ ላይ ስንዴው ሲታደል የንጉሴም የኢዘዲንም ስም ተጠራ። ሊያ እውነቷን ነበር። ያም ሆኖ በዕደላው ዋዜማ ቡሬ ኢዘዲን ቤት፣ ዳለቻ ንጉሴ ቤት አድረዋል። አንዱን በላይኛው፣ ሌላውን በታችኛው መሻገሪያ ነበር የወሰዷቸው፤ እንዳይገናኙ።