ማንም ያልነካው ሃርድ ዲስክ

«አብሽሩ ጋሼ! ወላሂ ሃርድ ዲስኩ የማንም እጅ ያልነካው አዲስ ነው።»

ይህን ያለኝ ደሴ ላይ ዕቃውን የሸጠልኝ ባለሱቅ ነው።

ዛሬ መካነ ሰላም ቤቴ ተቀምጬ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒውተር በገዛ እጄ ገጣጠምኩ። እያንዳንዷን ብሎን እየተጠራጠርኩ ነው ያሰርኳት።

ሳበራው፣ ባዶ መሆን የነበረበት ሃርድ ዲስክ የሰው ሠርግ ፎቶዎች አሳየኝ። ከሙሽራው ጎን ከረባት አስሮ የሚስቀው ሚዜ ባለሱቁ ራሱ ነው!

ባለቤቴ መጥታ አየችና «ምን ያናድድሃል? እንኳን ደስ ያላችሁ በላቸው!» አለችኝ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ኮምፒውተሩን የሠራሁት ጂዳ ያለችው እህቴ የሟች እናታችንን ድምፅ ከካሴት ገልብጬ እንዳስቀምጥላት ስለለመነችኝ ነው። ካሴቶቹ መበጠስ ጀምረዋል። ስንት ዓመት እንደሠራ በማላውቀው ዕቃ ላይ የእናቴን ድምፅ አላስቀምጥም።

ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር።

የአቀስታ፣ የወረኢሉና የወግዲ ሰዎች፣ እንዲህ ያለ «አዲስ» ዕቃ የተሸጠላችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።

አንተ ባለሱቅ ደግሞ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። ሃርድ ዲስኩን መቼ እንደምትቀይርልኝ እስከ ፊታችን ሰኞ በጽሑፍ አሳውቀኝ። በቃል የምትለኝንማ ሰምቻለሁ።

እስከዚያው አብሽር፤ ፎቶዎቹን አላጠፋቸውም።