ከአምቦ እስከ ጌዶ፦ ያልገጠመው ቁጥር

ከአምቦ የተነሣነው ነሐሴ ላይ፣ ጠዋት በዝናብ ነው። ጉደርና ጌዶ ባሉ ሁለት የግል ክሊኒኮች የሕሙማንን መዝገብ የሚይዘውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ልናድስ ነበር። የጥገና ቤታችን ባለቤት የጉዞው ኃላፊ ያደረገችው ጫልቱን ነው። ጫልቱ ከተቀጠረች ዓመት አልሞላትም፤ እኔ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ አለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጋር በኦሮምኛ እየተጫወተች ስትስቅ ሳቋ እንኳ ከነከነኝ።

"ጋሼ፣ ከመጫናችን በፊት ቼክሰሙን እናያለን አይደል?" አለችኝ።

"የማደሻውን ፋይል ያወረድኩት እኔ ነኝ። ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ ይሠራል።"

"መከፈቱ ብቻ አይበቃም ብዬ ነው።"

ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

ጉደር

የክሊኒኩ ባለቤት ኦቦ ለሜሳ በር ላይ ተቀበሉን። እኔን ጨብጠው አለፉና ክፍሎቹን ሊያሳዩ ጫልቱን ይዘዋት ገቡ። ብቻዬን ስቀር ፋይሉ ደህና መሆኑን አረጋግጬ አፏን ላስይዛት ፈለግሁ። ቼክሰም የሚሉት ነገር ቀላል ነው፤ ፋይሉን በትንሽ ፕሮግራም ስታሳልፈው ረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር ያወጣል። አምራቹ በድረ ገጹ ካስቀመጠው ጋር በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ ፋይሉ ተበላሽቷል፣ አለዚያም ሰው ነካክቶታል።

የእኔው ገና ከመጀመሪያው ተለያየ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ማንም አላየኝም፤ በስልኬ ሌላ አውርጄ ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ያው ፋይል ለጌዶ በተዘጋጀው ፍላሽ ላይ፣ ጫልቱ ቦርሳ ውስጥ አለ።

"ጫልቱ፣ ቁጥሩ አልገጠመም" ብዬ ጠራኋት።

ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። "ከሁለቱም ፍላሽ እናጥፋውና እንደገና እናውርደው" ብቻ አለች። ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ ረፋዱን ጨረሰብን። አዲሱ ገጠመና ጫንነው። የሕሙማኑ መዝገብ ምንም ሳይጎድል ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ኦቦ ለሜሳ "ገለቶሚ" ብለው አመሰገኑ። ቃሉ ለአንድ ሰው የሚባል ነው፤ ያዩትም እሷን ነበር።

ጌዶ

ከጉደር በኋላ ዳገቱም ብርዱም ይጨምራል። የገበያ ቀን ስለነበር ከተማው መግቢያ ላይ ከብት መንገዱን ዘግቶ አቆመን። ጥብስ በልተን ሥራ ጀመርን፤ ቶሎም አለቀ።

አምቦ

አመሻሽ ላይ ስንመለስ የጥገና ቤቱ ባለቤት ጉዞው እንዴት እንደነበር ጠየቀችን።

"ፋይሉ መበላሸቱን ያገኘው ጋሼ ነው" አለች ጫልቱ።

ባለቤቷ አመሰገነችኝ። ስጠብቀው የኖርኩት ምስጋና ነበር፤ መቀበል ግን አቃተኝ።

"እናረጋግጥ ያለችው እሷ ናት። እኔ ያየሁት ላሳፍራት ብዬ ነው" አልኩ።

ጫልቱ "ዋናው ማየቱ ነው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ያወረድኩትን ሳላመሳክር አልጭንም። በጫልቱ ዛሬም እቀናለሁ። ወደ ሩቅ ከተማ ስላክ ግን አብራኝ እንድትሄድ የምጠይቀው እሷን ነው።