የአያቴ የክርስትና ስም

አያቴ መርሳ ከተማ በተቀበረች ቀን፣ ጸሎቱ ሊጀመር ሲል ቄሱ ወደ እኛ ዞረው የክርስትና ስሟን ጠየቁ። አባቴ አክስቴን አየ። አክስቴ ደግሞ እኔን። በቤተሰባችን ማን መቼ እንደተወለደ፣ ማን ከማን በየት በኩል እንደሚዛመድ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ማንም ሳያስተምረኝ፣ የአንዱን ሽማግሌ ቃል ከሌላው እያስተያየሁ ሰባት ቤት ቆጥሬያለሁ። ይህን ስሟን ግን እኔም አላውቀውም። የቀድሞው የንስሐ አባቷ ከእሷ ቀድመው አርፈዋል። እሷም እንደ ብዙ የዘመኗ ሴቶች፣ ክፉ ሰው እንዳይሰማው ብላ የክርስትና ስሟን ከአፏ አታወጣም ነበር። ቄሱ በዓለም ስሟ ጸለዩላትና ለአርባዋ ፈልገን እንድናመጣ አደራ አሉን።

እኔ አገኘዋለሁ አልኩ። አጠገቤ የአክስቴ ልጅ ድምፁን አውጥቶ ያለቅስ ነበር።

የአክስቴ ልጅ እኩያዬ ነው። ከመርሳ ወልድያ ሚኒባስ ይነዳል፤ በገበያ ቀን ሐራ ድረስ ይሄዳል። የራሱን የልደት ቀን እንኳ ሲጠየቅ ወደ እናቱ ይደውላል። አያቴ ግን የመኪናውን ጥሩምባ ስትሰማ ከመቀመጫዋ ትነሣ ነበር። "መጣ ይኼ ቀልማዳ" ትላለች፣ ፊቷ በርቶ። እኔ ስገባ "ና ልጄ፣ በላህ?" ትለኛለች። ደግ ነበረች፤ ለእኔ ግን አትነሣም። ስሙን ማግኘት፣ እሷ ካረፈች በኋላም ቢሆን፣ እሱን የምቀድምበት ነገር ሆኖ ታየኝ።

ከተወለደችበት ከግራና ጀመርኩ። የተወለደችው በአጨዳ ወቅት መሆኑን አባቴ ነግሮኛል። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስለምትነሣ፣ ከዐቢይ ጾም በፊት መሆን አለበት ብዬ አሰላሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ የተጠማቂዎች መዝገብ የተጀመረው በቅርቡ መሆኑን ነገሩኝ። ድሮ መዝገቡ የክርስትና እናቷና የቄሱ ጭንቅላት ነበር። ስለዚህ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄድኩ፦ ያኔ ቄሱ ማን ነበሩ? ክርስትና እናት የሆነችላትስ?

"ልጄ፣ እንደ ፖሊስ አትጠይቀን" አሉኝ አንዱ። "መጀመሪያ ቁጭ በል።"

ቁጭ አልኩና መልሼ ጠየቅኩ። የአባቷን ስም ስነግራቸው በበትራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። "እሷን እዚህ አታገኛትም" አሉኝ። ሌላ አጥቢያ ማለታቸው መስሎኝ በዙሪያው ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት አንድ በአንድ አዳረስኩ።

ከየጉዞው ስመለስ የአክስቴ ልጅ ሚኒባስ ውስጥ እገባለሁ። ጋቢና ያስቀምጠኛል። "እሺ ሳጅን፣ ተጠርጣሪዋ ተያዘች?" ይለኛል፤ ተሳፋሪው ይስቃል። ሒሳብ አይቀበለኝም። ያ ደግሞ ከቀልዱ ይልቅ ያበግነኝ ነበር።

አርባዋ ሲቃረብ ወልድያ እኔ ወደምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት መጣ። "አገኘሁት" አለኝና ስሙን በጆሮዬ ነገረኝ። ስሙ ስህተት እንዲሆን ተመኘሁ። ከማን እንደሰማው ስጠይቀው ሐራ ከምትኖረው እህቷ አለኝ። አያቴ እህት እንዳላት ባወጣሁት የዘር ሐረግ ላይ አልነበረም።

በማግስቱ ይዞኝ ሄደ። እህቷ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ መቁጠሪያ የያዙ ሙስሊም አሮጊት ናቸው። እሱን ግንባሩን ሳሙት፤ እኔን ጨበጡኝ። አያቴ የሙስሊም ልጅ ነበረች። ክርስቲያን ልታገባ አባቷ ሳይፈቅዱ ወጣች፤ የተጠመቀችውም ያኔ፣ ከሠርጓ በፊት፣ በባሏ አገር ነው። አባቷ እስኪሞቱ አላዩዋትም፤ እሷም የእነሱን ነገር ዳግመኛ አላነሣችም። በእኛ አገር ወንድማማች አንዱ ሙስሊም አንዱ ክርስቲያን ቢሆን የሚገረም የለም። የአባትን ስም ሰምቶ ሃይማኖትን መለየትም ከባድ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ ሰማንያ ቀን እየቆጠርኩ ጾምና ወር ሳሰላ ከርሜያለሁ።

"ልትጠመቅ ስትገባ ከቅጥሩ ውጭ ሻሿን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ስትወጣ ስሟን በጆሮዬ ነገረችኝ። ሌላ ለማን ትንገር?"

የአክስቴ ልጅ ለዓመታት ከአያቴ ስኳርና ሰላምታ ያደርስላቸው ነበር። አንድ ጊዜም ትንፍሽ አላለም። ስሙን ደግሞ በአንድ ጥያቄ ነው ያገኘው። እሱ አያቴን እያሰበ ወደ እህቷ ሲሄድ፣ እኔ የማያውቋትን ካህናት አስቸግር ነበር። ለምን ለእኔ እንዳልነገረችኝ አሮጊቷን ጠየቅኳቸው። መጠየቅ አልነበረብኝም።

"አላህ ይማራትና፣ 'ያኛው ይጽፈዋል፣ ይኼኛው ይረሳዋል' ትል ነበር።"

"አየህ?" አለ የአክስቴ ልጅ። "ዝንጉነትም ሙያ ነው።"

እሳቸው ሳቁ። እኔም የሳቅኩ መሰልኩ።

በአርባዋ ቀን ቄሱ ስሙን ሲጠይቁ ሁሉም እንደ ልማዱ ወደ እኔ ዞረ። ስሙን አውቀዋለሁ፤ አፌ ላይ ነበር። ያገኘው እሱ ነው ብዬ ወደ አክስቴ ልጅ ጠቆምኩ። ይህን ያደረግኩት ከልቤ አልነበረም፤ ከሐራ የመጡት አሮጊቷ ከድንኳኑ ሆነው እያዩኝ ስለነበር ነው። አክስቴ ልጇን አቅፋ አለቀሰች። አባቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ከጸሎቱ በኋላ አሮጊቷ ለሙስሊም ጎረቤቶች ለብቻ ታርዶ ወደተዘጋጀው ማዕድ ቀረቡ። እሱ ያስተናግዳቸው ነበር፤ ስለ ልጅነታቸው፣ ከእህታቸው ጋር ውሃ ሲቀዱ ስለ መሽቀዳደማቸው ይነግሩታል። እሱ በግማሽ ጆሮ እየሰማ ስልኩን ይነካካል። እኔ ከኋላቸው የውሃ ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜ አንዲት ቃል አላመለጠኝም።

ይህን ለመጻፍ ፈቃዳቸውን ልጠይቅ ሐራ ሁለቴ ሄጄ፣ ሁለቴም ስለ ጤናቸው ብቻ ጠይቄ ተመለስኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ጋቢና ተቀምጬ ሳለ፣ የአክስቴ ልጅ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ "ይጻፈው ብለውሃል" አለኝ። "ስሟን ግን እንዳታስገባ።"

ጠይቅልኝ አላልኩትም ነበር።